የአያትሽን ባና ለጨረታ ከማውጣትሽ በፊት

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልን እህት፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከአያቴ የቀረ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (የበግ ጠጉር ካባ) አለኝ፣ በቴሌግራም ጨረታ ላወጣቸው ነው፣ ሰው ምን ላይ ይሳሳታል፣ አንድ ላይ ልሽጣቸው ወይስ ለየብቻ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ የመንዝ የበግ ጠጉር ሥራ በዚሁ መንገድ ስሸጥ ቆይቻለሁ። ሰው ስለ ዋጋ ይጨነቃል እንጂ ብዙውን ሻጭ የሚጎዳው ደንቡን ሳይጽፍ መጀመሩ ነው።

እንደ ኢቤይ ባሉ የውጭ ገጾች ላይ ሥራውን የሚሠራው ሲስተሙ ነው። ተጫራቹ እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ ብሎ አስገብቶ ይተኛል፤ ሲስተሙ እየተከታተለ ይጨምርለታል። ሻጩም ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለውን ዋጋ ደብቆ ማስቀመጥ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ መነሻ ዋጋሽ «ከዚህ ብወርድ ይቆጨኛል» የምትዪው ይሁን። ከ100 ብር ጀምሮ ሰው መሰብሰብ ብዙ ተከታይ ላለው ቻናል ያዋጣል። ሁለት ሰው ብቻ ከመጣብሽ ግን ባናው በ300 ብር ይሄዳል። ያኔ አልሰጥም ካልሽ ስምሽ ይጠፋል።

በየስንት ብር እንደሚጨመርም ጻፊ፤ አለዚያ በ5 በ5 ብር እየጨመሩ ሲያናድዱሽ ያመሻሉ። ጨረታው ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል ካልሽ ደግሞ ሁሉም 2:59ን ይጠብቃል። «በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ዋጋ ከተሰጠ 5 ደቂቃ ይራዘማል» የምትል አንድ መስመር ይህን ትፈታለች። ሌላው፣ ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ነገር ሊታረም ይችላል። 2500 ያለው ሰውዬ ተመልሶ 1500 ሊያደርገው ይችላል። መታረሙ ምልክት ስላለው፣ የታረመ ዋጋ አይቆጠርም ብለሽ አስቀድመሽ አሳውቂ። ሲዘጋም ወዲያው ስክሪንሾት አንሺ። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋስ? እኛ አገር ይህም በደንቡ መግባት አለበት፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይቀጥላል ማለት ይበቃል።

ዘመድ አስገብቶ ዋጋ ማሰቀል የሚባለውን ነገር አትሞክሪው። ኢቤይ ላይ ክልክል ነው። እዚህ ደግሞ ዘመድሽ ራሱ አሸንፎ ባናው እቤት ሲቀር አይቻለሁ።

ፎቶ በቀን ብርሃን አንሺ። በአምፖል ብርሃን ጥቁሩ በርኖስ ቡናማ ይመስላል፣ ከዚያ ገዢው «ያየሁት ይሄን አይደለም» ይላል። ርዝመትና ስፋቱን በሜትር ለክተሽ ጻፊ፤ ክንድ የአዲስ አበባ ገዢ አይገባውም። ብል የበላው ቦታ ካለ ጣትሽን አጠገቡ አድርገሽ በቅርበት አንሺው። ጉድለቱን ያሳየ ሻጭ የሚያጣው ጥቂት ብር ነው፤ የደበቀ ግን ዕቃው ተመልሶበት የመኪናውንም ሒሳብ ይከፍላል። ደግሞ ላሳምረው ብለሽ በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው! የበግ ጠጉር ይሸበሸብና ያጥራል። ነፋስ ላይ ማስጣት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሸናፊው የከፈለበትን ስክሪንሾት ይልክልሻል። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ በስልክ አስመስሎ የሚሠራ ነገር ነው። የባንክ የሚመስል አጭር መልእክትም እንደዚያው። ቴሌብር ከሆነ *127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ *889# ደውለሽ ሒሳብሽን ራስሽ እዪ። «ሹፌሩ ሊወጣ ነው፣ ቶሎ በይ» የሚል ገዢ ሲመጣ ይበልጥ ቀስ በይ። ሚስጥር ቁጥርሽን ወይም የተላከልሽን ኮድ የሚጠይቅ ካለ ገዢ አይደለም፣ ዝጊው።

የመኪና ሒሳብ የማን እንደሆነ ጨረታው ሳይጀመር ይታወቅ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀላል ነው። ከመሐል ሜዳ ግን ይርቃል፣ ሒሳቡም ይጨምራል። ስትልኪ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ለገዢው ላኪለት፤ ዕቃው ሲጫንም ፎቶ አንሺ።

አሸናፊው በ24 ሰዓት ካልከፈለ ለሁለተኛው እንደሚሰጥም ጻፊ፣ ሁለተኛው ራሱ በሰጠው ዋጋ ማለቴ ነው። ቀብድ የሚጠይቁ አሉ። ለአንድ ባና ግን ተጫራች ያሸሻል፣ እኔ አልመክርም።

ከአያትሽ ሳጥን ውስጥ የብራና መጽሐፍ ወይም የጥንት መስቀል ከወጣ ግን ጨረታ ላይ አታውጪው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ገዢው የት እንዳለ አታውቂም። የወረዳሽን ባህልና ቱሪዝም ጠይቂ።

አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ ላልሽው፣ ለየብቻ። ባና ፈላጊና በርኖስ ፈላጊ አንድ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ባናውን አውጪ፣ በተለይ ብርዱ ሲጀምር፣ ሰኔ ላይ። በርኖሱን በሳምንቱ አስከትይ፤ በባናው የተሸነፉት እዚያው ስላሉ ሰው ፍለጋ አትጀምሪም።