ሊቲየሙን ከሞላሁ በኋላ ኦክስጅኑ ለምን ወረደ?

ጥያቄው የመጣው ጎጃም ውስጥ ካለ አንድ ሆስፒታል፣ ከባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነው። «በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይቶ የሚያወጣ ማሽን) አለን። ንጽሕናው ወደ 76 በመቶ ወርዶ ነበር። ነሐሴ ላይ አሮጌውን 13ኤክስ ዚዮላይት (ናይትሮጅንን የሚይዘውን ፍሬ፣ የሶዲየሙን ዓይነት) አውጥቼ አዲሱን የሊቲየም ዓይነት ሞላሁበት። የመጀመሪያ ቀን 94 አነበበ፣ ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት 79 ገባ። የከረጢቱ ግማሽ አሁንም ስቶር አለ። ዕቃው ፎርጅድ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ሌሎች አዳዲስ ማቴሪያሎችስ አሉ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማሽኑን ከዋርድ አውጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮንሰንትሬተር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 82 በመቶ ነው። ጣት ላይ የምትሰካው ኦክሲሜትር የሚያየው የታማሚውን ደም እንጂ ማሽኑ የሚያወጣውን አይደለም። የኦክስጅኑን ንጽሕና የሚለካውን አናላይዘር ብቻ እመን።

ዕቃው ፎርጅድ አይመስለኝም። ፎርጅድ ቢሆን መጀመሪያውኑ 94 አይሰጥህም ነበር። እኔ የምጠረጥረው ውሃ ነው።

አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ዚዮላይቱ በግፊት ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቫልቩ ይገለብጥና ግፊቱ ሲለቀቅ ናይትሮጅኑ «ጵስስ» ብሎ ይወጣል። ሊቲየም ትንሽ አዮን ስለሆነች ናይትሮጅንን ከሶዲየሙ 13ኤክስ የበለጠ አጥብቃ ትይዛለች። በትከሻ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ ማሽኖች የሚወዷት ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ውሃን ደግሞ ከናይትሮጅንም በላይ ትወዳለች። ውሃ ካገኘች ናይትሮጅኑን ዞር ብላም አታየው። ናይትሮጅን ግፊት ሲለቀቅ ይወጣል፤ ውሃው ግን ያለ ከባድ ሙቀት ንቅንቅ አይልም።

እስቲ ይህን ሞክር። ዚዮላይቱ ካለበት የማሽኑ ጣሳ፣ አየር ከሚገባበት ጫፍ፣ ሁለት ማንኪያ ፍሬ በብረት ኩባያ አድርግ። ከጣሳው ሌላኛው ጫፍ ሁለት ማንኪያ፣ ስቶር ካለው ከረጢትም ሁለት ማንኪያ በሌሎች ኩባያዎች። ፊትህን ራቅ አድርገህ በእያንዳንዱ ላይ እኩል ውሃ ጠብ አድርግ። ደረቅ የሆነው ይንጫጫል፣ ኩባያው እጅ ያቃጥላል። የጠገበው ቀዝቅዞ ይቀመጣል። የመግቢያው ፍሬ ከቀዘቀዘና የሌላኛው ከሞቀ፣ ውሃው በአየሩ መግቢያ በኩል እየገባ ወደ ላይ እየበላ ነው ማለት ነው። የከረጢቱም ከቀዘቀዘ ገና ስትከፍተው ነው ያለቀለት። በክረምት ከረጢት ከፍቶ በሲባጎ ማሰር፣ ጨው ዝናብ ላይ እንደማስጣት ነው።

መግቢያው ብቻ ከሆነ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። አሮጌውን ስታወጣ ከሥር መልኩ የተለየ፣ ነጭ ፍሬ አልነበረም? በአንዳንድ ማሽን ያ አክቲቬትድ አሉሚና ነው፤ ሥራው እርጥበቱን ቀድሞ መቀበል ነው። ብዙ ሰው ከአሮጌው ጋር አብሮ ይደፋዋል። ሁለተኛ፣ ከኮምፕረሰሩ በኋላ ያለውን የማቀዝቀዣ ቱቦና ፋኑን እይ። አየሩ ሳይቀዘቅዝ ከገባ እርጥበቱን ይዞ ነው የሚገባው። በዚህ አጋጣሚ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ፈትሽ፣ የውጭውን የስፖንጅ ፊልተርም እጠብ። መጀመሪያ 76 የወረደው ዚዮላይቱ አልቆ ላይሆንም ይችላል።

ማድረቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን የዳቦ ምድጃ አይሞከርም። ወደ 350 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያውም ቀስ እያልክ፣ ደረቅ አየር እያሳለፍክበት ወይም በቫክዩም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እርጥቡን በቀጥታ የጋለ ፈርነስ (የላቦራቶሪ ምድጃ) ውስጥ ከትቼ 4 ኪሎ ጨርሻለሁ። የራሱ እንፋሎት ክሪስታሉን ሰባበረው። መልኩ ያው ነው፣ ናይትሮጅን ግን አልይዝ አለ። ቅርብህ ዩኒቨርሲቲ ካለ የኬሚካል ምህንድስና ላቦራቶሪያቸውን ጠይቅ፤ 100 ግራም ብቻ አድርቀህ ከማድረቅህ በፊትና በኋላ መዝን። 20 ግራም ገደማ ከቀነሰ ምን ያህል ጠጥቶ እንደነበር አየህ።

እኔ አንተን ብሆን ወደ 13ኤክስ እመለስ ነበር። የማሽንህ የቫልቭ ሰዓትና ወንፊት የተሠራው ለእሱ ነው። የሊቲየሙ ፍሬ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው፤ በወንፊቱ ያመልጣል ወይም አየሩን ያንቃል። ስትሞላ ማስክ አድርግ፣ ቀስ እያልክ አፍስስ፣ ጣሳውን ዙሪያውን እየመታህ አስቀምጠው፣ ስፕሪንጉ ጠበቅ ብሎ ይያዝ። ላላ ካለ ፍሬው እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆንና ቫልቭህን ይጨርሳል። ኦክስጅን በሚያልፍበት በኩል ግራሶ እንዳታስነካ።

ስለ «አዳዲስ ማቴሪያሎች» ለጠየቅከው፦ ብር (ጌጥ የሚሠራበት ማዕድን) የገባበት ዚዮላይት አርጎንንም፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለውንና ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ የሚያልፈውን ጋዝ፣ ከኦክስጅን አስበልጦ ስለሚይዝ ከ95 በመቶው ጣሪያ በላይ ለመውጣት ይሞከርበታል። ዋጋውን ግን ራስህ ገምት። የካርቦን ሲቭ የሚሸጥልህ ካለ ግን ተወው፤ እሱ ኦክስጅኑን ይዞ ናይትሮጅን የሚያወጣ ነው።

ማሽኑ ሥራ ሲፈታ የጣሳዎቹን አፍ ድፈን፤ ናይትሮጅኑ በሚወጣበት ቀዳዳም በኩል እርጥበት ይገባል። የሦስቱን ኩባያ ውጤትና የኮምፕረሰሩን ግፊት ጻፍልኝ።