መኖ የተቀነሰበት በግ ይካሳል ወይ? ጥያቄና መልስ

ጠቦት መኖ ተቀንሶበት ቆይቶ ጥሩ መብላት ሲጀምር ፈጠን ብሎ ያድጋል። የማካካሻ እድገት የሚባለው ይሄ ነው። ጠይቁኝ። እርጉዝ በግና የሚጠባ ግልገል ግን አይነኩም፤ ከወዲሁ ልናገር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍጥነቱ ከየት ይመጣል? ስለራበው ብዙ ስለሚበላ ነው?

መልስ፦ እሱም አለበት። ዋናው ጉዳይ ግን ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። ጉበትና አንጀት ከበጉ ክብደት ትንሽ ድርሻ ነው ያላቸው፤ የሚፈጁት ጉልበት ግን ከጠቅላላው ወደ ግማሽ ይጠጋል። መኖ ሲቀንስ ሁለቱም ይኮማተራሉ። ያኔ በጉ እንዲሁ ለመኖር ብቻ የሚያስፈልገው መኖም ይወርዳል። ጥሩ መኖ ሲመለስለት የጉልበት ወጪው ገና ዝቅ እንዳለ ስለሆነ ትርፉ ወደ እድገት ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጨምረው በአብዛኛው ቀይ ሥጋና ውሃ ነው፤ ጮማው በኋላ ይመጣል። ጉበትና አንጀቱ ሲያገግሙ ወጪውም ይመለሳል፣ ፍጥነቱም ይበርዳል። ስለዚህ ለዘላለም የሚቀጥል አይምሰላችሁ። ተመራማሪዎቹ ኦስቦርንና ሜንዴል ነገሩን በ1915 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ አይተውታል፤ ስሙን ያወጣለት ደግሞ ቦህማን ነው፣ በ1955።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ጨመረልኝ! ተሳካ ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛው ፈርስ ነው። ባዶ የነበረው ሆድ ሞላ፣ በቃ። ጠዋት ከመኖና ከውሃ በፊት መዝን፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። ሆዱን ተወውና ወገቡን ዳስስ። የአጥንቱ ጫፍ ጣትህን ከወጋው ገና ነው።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ልቀንስ?

መልስ፦ የስንት ወር በግ? ክብደቱስ? ምን ይበላል? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል! ለማንኛውም ጡት የጣለና ጤነኛ ይሁን፤ በዝግታ ይደግ ወይም ባለበት ይቁም። ጎድኑ ከተቆጠረ ያ ማስራብ ነው።

ጥያቄ፦ ድርቆሹ እያለቀ ነው፤ ለእርጉዞቹም ልቀንስ?

መልስ፦ መግቢያው ላይ ተናግሬአለሁ። አይሆንም! ጽንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። ያኔ ከቀነስሽ ግልገሉ ደካማ ይወለዳል፣ እናቲቱም ልትወድቅብሽ ትችላለች።

ሒሳብ ወዳጅ፦ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ ራስን መሸወድ ነው። ሳይቋረጥ የበላ በግ ቀድሞ ይደርሳል።

ባለ ሙክቱ፦ አንተ ዓመቱን ሙሉ መኖ ሞልቶልህ ነዋ! ደረቅ ወቅት ላይ እህል ከየት እናምጣ?

ሒሳብ ወዳጅ፦ ታዲያ የበጎችህን ቁጥር ቀንስ። ደግሞስ ሙክት ከአውራው ያነሰ እንደሚያድግ ረሳኸው?

ባለ ሙክቱ፦ አሁን ሙክትን ምን አመጣው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ስለ ማኮላሸት ሌላ ቀን። ካሳው ብዙ ጊዜ ሙሉ አይሆንም፣ በጉም ይዘገያል፤ እዚህ ላይ ሒሳብ ወዳጅ ልክ ነው። ግን መኖ በሚወደድበት ወቅት በቁጠባ አቆይቶ፣ ሲረክስ ማብላት ያዋጣል። ያም የሚሆነው ኋላ የምትሰጡት መኖ በፕሮቲን ደህና ከሆነ ነው። በገለባ ብቻ የተካሰ በግ የለም።

ጥያቄ፦ የዶሮ መኖ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። መዳብ አለበት፣ በግን ይመርዛል። ቀጥል።

ጥያቄ፦ እንዲካስ ከነገ ጀምሬ እህል እስኪጠግብ ልስጠው?

መልስ፦ ይሞትብሃል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ገለባ ለምደዋል፤ እህል ሲወርድባቸው አሲድ ይበዛል። ከ10 እስከ 14 ቀን እየጨመርክ አለማምደው፣ ድርቆሹን አስቀድም። እህል በድንገት ሲበዛ የሚመጣውን የአንጀት መመረዝ በሽታ ክትባትም አስቀድመህ አስከትብ።

ጥያቄ፦ ማለት ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ሙሉ?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? ከ10 እስከ 14 ቀን! ዛሬ አንድ እፍኝ ስጠውና ነገ ጠዋት በጠጡን እይ። ከቀጠነ ወይም በጉ ጥርሱን እያፋጨ ከተኮራመተ እህሉን አንሳ፣ ድርቆሽ ብቻ ስጠው፣ ሐኪም ጥራ።