የቤት ራውተር ፈርምዌር ማዘመንና ደኅንነቱን ማጥበቅ፦ ጥያቄና መልስ

ፈርምዌር ማለት ራውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ራውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። የሴቲንግ ስሞች ከአምራች አምራች ይለያያሉ። እኔ የጠራሁት ስም እናንተ ጋ ከሌለ ለእሱ የሚቀርበውን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ሦስት ዓመት ያለ ምንም ችግር ሠርቷል። ደህና የሚሠራ ነገር ለምን እነካካለሁ?

መልስ፦ መሥራቱና ደኅንነቱ ለየቅል ናቸው። የተጠቃ ራውተር ኢንተርኔት መስጠቱን አያቆምም፤ እንዲያውም ጥቃት ያደረሰበት ሰው እንዲቆም አይፈልግም። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችና የፋይል ማከማቻዎች ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ፣ ከአብዛኞቹ የራውተር ማልዌሮች የለየው አንድ ነገር ነበር፦ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ሙሉ በሙሉ አላጸዳውም። ፈርምዌሩ ላይ ያለ ቀዳዳ የሚደፈነው በአዲስ ፈርምዌር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ነክቼው አላውቅም። ከየት ልጀምር? እባክህ ደረጃ በደረጃ ንገረኝ፤ እኅትህ ነኝ።

መልስ፦ እሺ እኅቴ፣ መጀመሪያ ራውተሩን ገልብጪው። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሞዴሉን ስም ታገኛለሽ፤ አጠገቡ ደግሞ «ቨርዥን» ወይም በአጭሩ «ቪ» የሚል ቁጥር አለ። ሰው የሚዘለው ይቺን ቁጥር ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ ቪ2 እና ቪ3 ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአንዱን ፈርምዌር ሌላው ላይ መጫን ራውተሩን ሊገድለው ይችላል። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርጂ። ገጹ ፈርምዌሩን በአገር ወይም በአህጉር ከፍሎ ካስቀመጠ ራውተሩ የተሸጠበትን ምረጪ።

ቀጥሎ ኮምፒውተርሽን በኬብል ከራውተሩ «ላን» ቀዳዳ ጋር አገናኚ። በዋይፋይ አትሞክሪው፤ ፋይሉ እየተላከ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ጣጣ ነው። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ጻፊ። ሁለቱም ካልከፈቱ በኮምፒውተርሽ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው ፊት ያለው ቁጥር ትክክለኛው አድራሻ ነው።

ከመጫንሽ በፊት ባክአፕ አውርጂ፤ በተጨማሪ የኢንተርኔት መግቢያ ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፦ የግንኙነቱ ዓይነት፣ የፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ ወደ አቅራቢው የሚገባበት ግንኙነት) የተጠቃሚ ስም፣ የቪላን ቁጥር (አቅራቢው መስመሩን የሚለይበት ቁጥር) ካለ እሱም። ባክአፑ ብቻውን የማይበቃው በአሮጌው ፈርምዌር የተቀመጠ ፋይል አዲሱ ላይ አንዳንዴ አልገባም ስለሚል ነው። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ከታየሽ ፎቶው አይጠቅምሽም፤ ኢንተርኔት አቅራቢሽ የሰጠሽን ወረቀት ካሁኑ ፈልጊ።

ያወረድሽው ፋይል ዚፕ ከሆነ ፍቺው። የሚጫነው ውስጡ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ስሙ በ«ቢን» የሚያልቀው ነው። «ሲስተም ቱልስ» ወይም «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ፈርምዌር አፕግሬድ» የሚለውን ከፍተሽ ምረጪውና ጫኚው። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። መብራቶቹ ይርገበገባሉ፣ ሁሉም ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይበራሉ። ገጹ የደረቀ ይመስላል፤ አታድሺው፣ ራውተሩንም አትንቀዪ። ከ3 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው። ሲመለስ የፈርምዌሩ ቁጥር መለወጡን ሳታዪ ሥራው አለቀ አትበዪ።

ጥያቄ፦ ራውተሩ ራሱ «አዲስ ማሻሻያ የለም» ይለኛል። በዚህ ልመነው?

መልስ፦ አትመነው። አውቶማቲኩ ፍተሻ ከድረ ገጹ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። የፈርምዌርህን ቀን ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ራስህ አስተያየው።

ጥያቄ፦ እያዘመንኩ መብራት ሄደ። አሁን የፓወር መብራቷ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው፣ ተስፋ አትቁረጥ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ እንደተሰካ ተወው። ለውጥ ከሌለ ሪሴት ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ 10 ሰከንድ ያህል ተጫን። እሱም ካልሠራ ነገሩ ወደ ቡትሎደር ይሄዳል። ቡትሎደር ራውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከፈርምዌሩ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ከአደጋው ይተርፋል። ራውተሩን አጥፋ፣ ሪሴቱን እንደተጫንክ አብራው፣ መብራቷ አበራሯን እስክትቀይር አትልቀቅ። አንዳንዱ ሞዴል ከዚህ በኋላ ፈርምዌር የሚቀበል ቀለል ያለ ገጽ ይከፍታል። ሌላው ደግሞ ፋይሉን ቲኤፍቲፒ በሚባል ቀላል የፋይል መላኪያ ዘዴ ከኮምፒውተርህ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በሁለት ነገር ነው፦ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ በእጅ ተሞልቶ መመሪያው ያዘዘው መሆን አለበት፣ የፋይሉም ስም ፊደል ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ቡትሎደሩ ራሱ ከተበላሸ ግን ክዳኑን ከፍቶ የሲሪያል ሽቦ ማገናኘት ይጠይቃል፤ ለርካሽ ራውተር ድካሙ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ የኔ ራውተር ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠኝ ነው፤ የፈርምዌር ማውጫው የለውም።

መልስ፦ ተደብቆ ነው። አቅራቢዎች ቲአር-069 በሚባል አሠራር ከሩቅ ያዘምኑታል። የአምራቹን ፈርምዌር በግድ ለመጫን አትሞክር፤ የአቅራቢው ልዩ ሴቲንግ ጠፍቶ መስመርህ ሊቆም ይችላል። ቁጥጥሩን በእጅህ ማድረግ ከፈለግክ የራስህን ራውተር ከኋላው አስገባና የአቅራቢውን «ብሪጅ ሞድ» ላይ (መስመሩን ለአንተ ራውተር ብቻ እንዲያሳልፍ) እንዲያደርጉልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፈርምዌሩን አዘመንኩ። የትኞቹን ሴቲንጎች ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱን። ይህ የዋይፋዩ ፓስወርድ አይደለም፣ አንድ ዓይነትም አይሁኑ። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ረቂቅ ጥበብ ተጠቅሞ ሳይሆን 60 ያህል የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን በየተራ እየሞከረ ነው።

ቀጥሎ «ሪሞት ማኔጅመንት»ን አጥፋ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ ለቤት ተጠቃሚ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

ከዚያ ደብሊውፒኤስን አጥፋ፤ የዋይፋዩን ፓስወርድ ሳይጽፉ በቁልፍ ወይም በፒን መሣሪያ ማገናኛ ነው። ስምንት አኃዝ ያለው ፒን ጠንካራ ይመስላል። ግን ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያጣራው፦ የመጀመሪያዎቹ አራት 10,000 አማራጭ አላቸው፤ ከቀሪዎቹ አራት የመጨረሻዋ ከሌሎቹ የምትሰላ ስለሆነች የሚገመቱት ሦስት፣ ማለትም 1,000 አማራጭ ናቸው። ድምሩ 11,000 ሙከራ ነው፤ የሙከራ ብዛት የማይገድብ ራውተር ላይ በሰዓታት የሚያልቅ። ድክመቱ በ2011 ከተገለጠ ወዲህ ክፍት የሚተውበት ምክንያት የለም።

የዋይፋዩን መቆለፊያ ዘዴ ደብሊውፒኤ3 አድርገው፤ ከሌለህ የቀድሞውን ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ከተባለው ምስጠራ ጋር። ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይቀበላል፣ አንተ ከ16 አታሳንስ። ደብሊውፒኤ2 ላይ ከውጭ የቆመ ሰው መሣሪያህ ሲገናኝ የሚለዋወጠውን መረጃ ቀድቶ ቤቱ ወስዶ መገመት ይችላል፤ ሦስቴ ተሳስተሃል ብሎ የሚያግደው የለም። የማይዛመዱ አራት አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው። የታወቀ ተረትና ምሳሌ ግን አትጠቀም። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ደግሞ ብዙ መሣሪያ ላይ አይሠራም።

ዩፒኤንፒን አጥፋ፤ መሣሪያዎች ሳይጠይቁህ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር) እንዲያስከፍቱ የሚፈቅድ ሴቲንግ ነው። የጨዋታ ኮንሶል ካለህ አንዳንድ ጨዋታ «ግንኙነት ተገድቧል» ሊልህ ይችላል፤ ለእሱ የሚያስፈልገውን ፖርት ብቻ በእጅ ክፈትለት። ካሜራና ቴሌቪዥን ደግሞ «ጌስት» (የእንግዳ) ኔትወርክ ላይ ይሁኑ፤ ከዋናው ኔትወርክ ጋር እንዳይገናኙ የሚከለክለው ሴቲንግ መብራቱን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ የዋይፋዩን ስም መደበቅና በማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር) ማጣራትስ?

መልስ፦ ልፋት ብቻ። የተደበቀ ስም መሣሪያዎችህ ሲገናኙ ይታያል፣ ማክ አድራሻም በቀላሉ ይኮረጃል።

ጥያቄ፦ ደብሊውፒኤ3 ካደረግኩ ወዲህ አሮጌ ፕሪንተሬ አልገባም አለ።

መልስ፦ «ደብሊውፒኤ2/ደብሊውፒኤ3» የሚለውን ቅይጥ ምረጥ። ወደ ድሮው ምስጠራ ወደ ቲኬአይፒ ግን አትመለስ፤ ደካማ ከመሆኑም በላይ ዋይፋይህን 54 ሜጋቢት ላይ ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ ለራውተሬ የወጣው የመጨረሻ ፈርምዌር የ2017 ነው።

መልስ፦ አምራቹ ትቶታል፤ ቀይረው። መሞከር ከፈለግክ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ አማራጭ ፈርምዌር ዝርዝር ውስጥ ሞዴልህን ከነቨርዥኑ ፈልግ። 4 ሜጋባይት ፍላሽ ወይም 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ካለው አትድከም፣ አዲሶቹ እትሞች አይበቁትም።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ተጠልፎ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልጋይ ቁጥር) እይ። ሁለት ቦታ ነው፦ «ዋን» (የኢንተርኔት መግቢያ) ገጽ ላይና «ዲኤችሲፒ» (ለቤቱ መሣሪያዎች አድራሻ የሚያድል) ገጽ ላይ። ብዙ ሰው አንዱን አይቶ ሁለተኛውን ይረሳል። አቅራቢህ ያልሰጠህ፣ አንተም ያልሞላኸው ቁጥር ካለ ጠርጥር። ያልከፈትከው ፖርት ወይም የማታውቀው የአድሚን ስምም እንደዚያው ነው። ያኔ የኢንተርኔቱን መስመር ንቀል፣ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሰው፣ ቀድሞ የወረደ ፈርምዌር በኬብል ጫን፣ ፓስወርዶቹን ቀይር፣ ከዚያ መስመሩን ሰካ። የድሮውን ባክአፕ አትመልስ፤ የተበላሸውን ዲኤንኤስ አብሮ ይመልስልሃል። ሴቲንጉን ከፎቶው እያየህ በእጅህ ሙላ።