ስለ ኢቭሊን ዎ ጠይቁኝ

እንግሊዛዊው ልቦለድ ጸሐፊ ኢቭሊን ዎ (1903–1966) አገራችን ድረስ መጥቶ ስለእኛ ጽፏል። ጥያቄዎቻችሁን በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢቭሊን የሴት ስም አይደለም እንዴ?

ለሁለቱም ይሆናል። እሱ ወንድ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱም ስሟ ኢቭሊን ነበር። ትዳሩ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1928 ተጋቡ፣ በዓመቱ ጥላው ሄደች።

ጋሼ፣ ወደ ድርሰት እንዴት ገባ?

ሌላው ሁሉ እንቢ ሲለው ነው። ኦክስፎርድን ያለ ዲግሪ ለቀቀ። ዌልስ ውስጥ አስተማሪ ሆነ፤ ሥራውን ጠላው። አንድ ሌሊት ሕይወቱን ሊያጠፋ ልብሱን ባሕር ዳር ትቶ ወደ ውስጥ ዋኘ። ጄሊፊሽ የሚባሉ የባሕር እንስሳት ሲነድፉት ተመልሶ ወጣ። ይህን ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። የአስተማሪነት ኑሮውን በ1928 «ዲክላይን ኤንድ ፎል» የሚል አስቂኝ ልቦለድ አደረገው። በ24 ዓመቱ ስም ያወጣው ይኸው መጽሐፍ ነው።

አዲስ አበባ ምን ሊሠራ መጣ?

በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ሊዘግብ። በ1935 ደግሞ የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የዴይሊ ሜል ጋዜጠኛ ሆኖ ተመለሰ።

የሁለተኛው ጉዞ ነገር ይገርማል። ጅጅጋ ወርዶ አንድ ፈረንሳዊ በስለላ መያዙን ሲሰማ ትልቅ ወሬ አገኘሁ ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ውል ተፈራረመ። የዓለም ጋዜጦች ያንን ሲቀባበሉ ዎ አልነበረም፤ ወሬው አመለጠው። በ1938 የወጣው «ስኩፕ» ከዚህ ሁሉ ትርምስ የተወለደ ነው። ጋዜጠኞች በወሬ ጥማት ሲራኮቱ እንደዚህ አድርጎ ያሳየ ልቦለድ እኔ አላነበብኩም።

ጣልያንን ደግፏል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። በ1936 «ዎ ኢን አቢሲኒያ» በሚለው መጽሐፉ ወረራውን ሥልጣኔ አድርጎ አቀረበው። መጨረሻው ላይ ጣልያን የሚሠራውን መንገድ ያወድሳል። ያኔ የፋሺስት አውሮፕላን በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ያርከፈክፍ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ዓይን ነበረው፤ ለእኛ ሰው ግን ልብ አልነበረውም።

«ብራይድስሄድ» የሚለውን ልቦለዱን መቼ ጻፈው?

በ1944፣ ከጦር ሠራዊት ፈቃድ ወስዶ። በፓራሹት ልምምድ እግሩን ተጎድቶ ነበር። በ1945 ታተመ። በ1930 ካቶሊክ ሆኖ ስለነበር እምነት የመጽሐፉ እምብርት ነው። አንዳንድ ቦታ ቋንቋው ከልክ በላይ ያጌጣል፤ የሞት አልጋው ምዕራፍ ግን ልብ ይይዛል።

አሟሟቱስ?

በ1966 የፋሲካ እሑድ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ። 62 ዓመቱ ነበር።

ከየቱ ልጀምር?

ከ«ስኩፕ»። ከዚያ «ኤ ሃንድፉል ኦፍ ደስት»፤ ለእኔ ምርጡ እሱ ነው። የ1936ቱን መጽሐፍ ለብቻው አታንብበው። በእኛ ሰዎች የተጻፈ የወረራውን ታሪክ አጠገብህ አስቀምጠህ አንብበው።