ጣቢያው የት ይሁን?

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ወደ አያት በሚወስደው የቀላል ባቡር መስመር ላይ፣ በሁለት ጣቢያዎች መሀል ነው። ጣቢያዎቹ 1,100 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ መሀል ላይ አንድ ፌርማታ ይጨመርልን ሊል ነው። ጥያቄያችን ያስኬዳል?

መልስ፦ ከፊርማው በፊት ሒሳቡ ይቅደም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ቆሞ ያለን ተሳፋሪ ሳይጥል ለመቆም 140 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ ፍጥነቱን መልሶ ለመያዝም ያንኑ ያህል። ሳይቆም ቢያልፍ ከሚፈጅበት ጊዜ ላይ ይህ ብቻውን 17 ሰከንድ ይጨምራል። በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ሌላ 30 ሰከንድ አለ። በጠቅላላው አንድ ፌርማታ 50 ሰከንድ ይበላል ቢባል አልተጋነነም። በሥራ መግቢያ ሰዓት እናንተን አልፎ የሚሄድ 200 ሰው ባቡሩ ውስጥ ካለ 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም 167 ደቂቃ ይባክናል።

የእናንተስ ትርፍ? ልክ መሀል ላይ የሚኖር ሰው 550 ሜትር የእግር መንገድ ይቀርለታል። ከአዲሱ ፌርማታ 275 ሜትር የሚርቀው ግን አሮጌው ጣቢያም በዚያው ርቀት ስለሆነ ምንም አያተርፍም። አማካዩ 275 ሜትር ይሆናል፤ በደቂቃ 80 ሜትር ለሚራመድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። 167ን ለዚህ ስናካፍለው 49 ይመጣል። በእያንዳንዱ ባቡር እዚያ የሚወጣውና የሚወርደው ሰው 50 ያህል ካልሞላ፣ ከተማው ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጣል። ባቡሩ በየ10 ደቂቃው ቢመጣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 300 ሰው ማለት ነው፤ ኮንዶሚኒየም በበዛበት ሰፈር የማይገኝ ቁጥር አይደለም። ግን አምስት ሰፈር ይህንኑ ቢጠይቅና ቢፈቀድ፣ የደርሶ መልስ ጉዞው በስምንት ደቂቃ ይረዝምና ያንኑ የ10 ደቂቃ ልዩነት ለመጠበቅ አንድ ባቡር መጨመር ግድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት የሐዲዱ አጥር ነው። በካርታ ላይ በእግር ይደረሳል ተብሎ ከጣቢያው በየአቅጣጫው 800 ሜትር የሚርቅ ክብ ሲሳል ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ሐዲዱ በአስፋልቱ መሀል ታጥሮ ሲያልፍ፣ ከማዶ ያለ ቤት በዓይን 200 ሜትር ሆኖ በእግር 600 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተለያየ አቅጣጫ 20 በሮች ምረጡ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከእያንዳንዱ በር እስከ መሳፈሪያው በእግር ሄዳችሁ ሜትሩን በስልክ ለኩ፤ መኪና እስኪያልፍ የቆማችሁበትን ደቂቃም መዝግቡ። ቀጥታውን ርቀት ለተራመዳችሁት አካፍሉ። ውጤቱ በአብዛኛው ከ0.6 በታች ከሆነ የጎደላችሁ መንገድ እንጂ ጣቢያ አይደለም። የተዘጋ ቅያስ ማስከፈት ወይም አንድ መሻገሪያ ማስጨመር ከፌርማታ በብዙ ይረክሳል፣ ባቡሩንም አያዘገይም። ልኬታው በክረምት ቢደገም ጥሩ ነው፤ በጭቃ ምክንያት ሰው ዞሮ የሚሄድበት መንገድ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ መካከል እመላለሳለሁ። የጂቡቲው ባቡር ፉሪ ለቡ ላይ ነው የሚያወርደው። ለምን እንደ ድሮው ለገሀር አይገባም? በመሀልስ ለሠራተኛ የሚሆኑ ትንንሽ ፌርማታዎች ቢሠሩ?

መልስ፦ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ለገሀር መግባት አይችልም፤ አዲስ መስመር ያስፈልገዋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የኩርባው ሬዲየስ ከ800 ሜትር ብዙም ማነስ የለበትም። እንዲህ ያለ ሰፊ ኩርባ በተሠራ ከተማ ውስጥ ይለፍ ማለት ብዙ ቤት ይፍረስ ማለት ነው።

ትንንሽ ፌርማታ ግን የሚታሰብ ነገር ነው፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነውና። ቦታው ሐዲዱ ነባር የሚኒባስ መስመርን የሚያቋርጥበት ይሁን። ርካሽ ሜዳ ተገኘ ተብሎ ራቅ ብሎ ከተሠራ፣ በባቡሩ የተረፈው 20 ደቂቃ በባጃጅ ሰልፍ ያልቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጭነት ባቡሩ ነው። ገቢ ዕቃ የጫነው ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ እየወጣ ነው የሚመጣው። ፌርማታው ከረጅም ዳገት ራስ ላይ ከሆነ፣ የመንገደኛው ባቡር ሰው ሲያወርድ ከኋላው ያለው ጭነት ቀይ መብራት ይበራበትና ዳገቱ ላይ ይቆማል። እንደገና ለመነሳት ጎማው ሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፤ በዝናብ ቀን ይብሳል። ፌርማታውን ከዳገቱ በፊት፣ ሜዳው ላይ ማድረግ ነው።

መሻገሪያውም ይታሰብበት። ከላይ 25,000 ቮልት ስላለ የእግረኛ ድልድዩ ከፍ ማለት አለበት። ከሐዲዱ 7.5 ሜትር ቢሆን፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 50 መውጣት፣ 50 መውረድ ነው፤ ልጅ ላዘለች እናት ቀላል አይደለም። ከሥር ማለፊያ ከተቆፈረ 20 ደረጃ ይበቃል፤ ግን ውሃው በራሱ ወደ ታች የሚፈስበት ቦይ ከሌለው ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለፌርማታ የሚመች ቦታ አለ፣ ግን ሐዲዱ እዚያ ይታጠፋል። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ፉርጎ አይታጠፍም። የፊትና የኋላ እግሮቹ 18 ሜትር ቢራራቁና የኩርባው ሬዲየስ 300 ሜትር ቢሆን፣ ወገቡ ከሐዲዱ መሀል መስመር 13.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። መሳፈሪያው ከኩርባው ውጭ በኩል ከሆነ ያ ሁሉ መሀለኛው በር ላይ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፤ የሕፃን እግር ይገባበታል። ሬዲየሱ 1,000 ሜትር ከሆነ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ያ ይቻላል።