ሞተር ማውረድ እየቻልኩ ለምን ፊልትሮ ብቻ ልቀይር? ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ጥያቄው የብዙ ልጆች ስለሆነ ለሁሉም እንዲሆን አድርጌ ልመልስልሽ። ነገርሽ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ የሳቢያን ልጅ ነሽ፣ አውቶ መካኒክ ሌቭል 4 ጨርሰሽ የብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲውን) አልፈሻል፣ አሁን መከላከያ በቴክኒሻንነት ልግባ ወይስ እዚሁ ድሬ የጭነት መኪኖች ያሉት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ በጁኒየርነት ልጀምር ብለሽ ግራ ገብቶሻል። የአጎትሽ ልጅ ደሞ "ወታደር ቤት ከገባሽ ዘይት ማየትና ግራሶ መቀባት ነው ስራሽ፣ ዋናውን ሌላ ቦታ ነው ሚሰሩት" አለሽ፣ አንቺም ላጣራ ብለሽ የአሜሪካ ጦር የጥገና ማኑዋል አወረድሽና መጨረሻው ላይ ያለውን የስራ ክፍፍል ሰንጠረዥ አይተሽ፣ ለታችኛው መካኒክ ቀላሉ ስራ ብቻ የተተወለት መስሎሽ ተናደድሽ።

ንዴትሽ ይገባኛል፣ ግን ሰንጠረዡን እንደ ደረጃ ውጤት ስላነበብሽው ነው የተናደድሽው። እሱ ላይ የተጻፈው ስራው የት፣ በምን መሳሪያ፣ በስንት ሰአት እንደሚሰራ ነው። አንድ ጊዜ እንደገና ክፈቺውና አብረን እንየው። በግራ በኩል ሞተር፣ የነዳጅ መስመር፣ ፍሬን እያለ ክፍሎቹን ይዘረዝራል፣ ቀጥሎ ስራውን ይላል፣ መፈተሽ፣ ማስተካከል፣ መቀየር፣ መጠገን፣ ሙሉ ለሙሉ ማደስ። ከዛ ያናደዱሽ ፊደሎች ይመጣሉ፣ ሲ ማለት ሾፌሩና አብረውት ያሉት ናቸው፣ ኦ የዛው ክፍል መካኒኮች፣ ኤፍ እነሱን በቅርብ ሚደግፈው የጥገና ክፍል፣ ኤች ራቅ ብሎ ያለው ትልቁ ወርክሾፕ፣ ዲ ዲፖ፣ ማለትም ሙሉ እድሳት ሚሰራበት ዋናው ማዕከል። ከፊደሎቹ ስር ያሉት ቁጥሮች ሰአት ናቸው፣ 0.5 ካለ ለአንድ ሰው የግማሽ ሰአት ስራ ነው ማለት ነው። አሁን ልብ በዪ፣ አንድ አይነት ስራ ሁለት አምድ ላይ የተለያየ ሰአት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ መፈተሽ ሾፌሩ ጋ 0.1 ብሎ ኤፍ ጋ 1.0 ቢል፣ ሾፌሩ ስድስት ደቂቃ በአይኑ አይቶ ይጨርሳል፣ ኤፍ ያለው ደሞ ፈቶ በጌጅ ይለካል። ሁለቱም ፍተሻ ነው፣ የሾፌሩ ከተዘለለ ግን መኪናው ኤፍ ጋ ሚደርሰው ተጎትቶ ነው። ሌላው ደሞ ፊደሉ ሚነግርሽ ስራው እንዲሰራ የተፈቀደበትን ዝቅተኛውን እርከን ነው፣ ከላይ ያለው የታችኛውን መስራት ይችላል፣ የታችኛው ግን የላይኛውን አይነካም።

(ቆየት ብሎ ይሄንኑ አሳጥረው ሁለት አድርገውታል፣ ሲ፣ ኦና ኤፍን ፊልድ (የሜዳ ጥገና)፣ ኤችና ዲን ሰስቴይንመንት (የኋላ ጥገና) ብለው። አዲስ ማኑዋል ላይ ሌላ ስም ካየሽ እንዳትደናገሪ፣ ሀሳቡ ከፊት መቀየር ከኋላ መጠገን ነው።)

ለምን እንደዛ እንደሆነ በዲናሞ (ባትሪውን ሚሞላው ዕቃ) ልንገርሽ። ሜዳ ላይ ያለ መካኒክ የሞተውን ዲናሞ ፈቶ አዲስ ያስርና መኪናው ይሄዳል፣ አሮጌው ወደ ኋላ ይላካል። ያው መካኒክ ዲናሞውን እዛው ከፍቶ ልጠግን ቢል ችሎታው ቢኖረው እንኳን መኪናው እሱ እስኪጨርስ ቆሟል፣ ከመኪናው ጋር ክፍሉም ቆሟል። ናፍጣ ወደ ሞተሩ ሚገፋው ፖምፓ ሲሆን ደሞ ይብሳል፣ የፖምፓ ውስጡ ክፍተት በማይክሮን ነው ሚለካው፣ የኛ ከተማ አቧራ ላይ ከፍተሽ ገጥመሽው ቴስት ቤንች (መፈተሻ ማሽን) ላይ ሳይወጣ መኪና ላይ ቢታሰር ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጎበዙ ሰው የትኛው አምድ ላይ ነው ያለው ብለሽ አትፈልጊ፣ ሁሉም ጋ አለ።

ደሞ ይሄን ነገር ድሬ ላይ ሆነሽ ከአሜሪካ ወረቀት ብቻ መማር የለብሽም። ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ የተመሰረተችው ጣቢያውንና ወርክሾፑን ይዛ ነው፣ ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ከባዱ ጥገና ግን እዚሁ ቀረ። መንገድ ላይ ሚስተካከለው መንገድ ላይ ተስተካክሎ፣ ዕቃ መቅረጽና ሙሉ እድሳት ሚፈልገው ድሬ ይመጣ ነበር። ለገሃሬ ያለውን ወርክሾፕ ሚያስገባሽ ሰው ካገኘሽ ግቢና ቶርኖዎቹን (ብረት መቅረጫ ማሽኖቹን) እያቸው፣ እዛ ሲሰሩ የኖሩ አባቶችም አሉ፣ ጋሼ ብለሽ ቀርበሽ ጠይቂያቸው፣ አቦ ደስ ብሏቸው ነው ሚነግሩሽ።

ወደ ውሳኔሽ ስንመጣ፣ እኔ ብሆን ከጋራዡ ነው ምጀምረው። መከላከያን ጠልቼ አይደለም፣ እዛ ሰፊ ትምህርት አለ፣ ግን አንቺ እስካሁን የሰራሽው ትምህርት ቤት ውስጥ ቆሞ የተዘጋጀ ሞተር ላይ ነው፣ ጭነት ይዞ እየሄደ የቆመ መኪና ገና አልገጠመሽም። ጋራዡ ሾፌሩ ሚያየውንና መካኒኩ ሚሰራውን ሁለቱን በየቀኑ ያሳይሻል፣ ከዛ ፖምፓና ኤሌክትሪክ ከወደድሽ ወደ ትልቁ ወርክሾፕ መግቢያው ይገባሻል፣ መከላከያም ያኔ ብትገቢ ይዘሽ ምትገቢው ነገር ይኖርሻል።

ኢንተርቪው ላይ ሊጠይቁሽ ሚችሉትን ልንገርሽና ተዘጋጂ፣ "ከድሬ ወደ ሀረር ሚሄድ መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተር ሞቆበት ቆመ፣ ምን ታደርጊያለሽ?" ብዙ ልጅ ወዲያው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይወርዳል ይላል። አንቺ ከታች ጀምሪ፣ ሾፌሩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ነው ራዲያተሩን ሚከፍተው፣ ውሀና ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) አይቶ ይደውላል፣ ቺንጋ ወይ ቱቦ ከሆነ መካኒክ ዕቃ ይዞ ሄዶ እዛው ይቀይራል፣ ውሀው ዘይት ውስጥ ከገባ ግን መንገድ ላይ ሚከፈት ነገር የለም፣ ተጎትቶ ይመጣል። እንዲህ ከመለስሽ ከመፍታት በፊት ማን ምን መንካት እንዳለበት ማሰብ እንደምትችይ ያያሉ።

አንድ ነገር ደሞ ከልቤ ልንገርሽ። ሴት ስለሆንሽ "አንቺ ወረቀቱን ያዢ" ሚልሽ አለቃ ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱን አትናቂው፣ የአሜሪካኖቹ 2404 ሚባል ፎርም ላይ ሾፌሩ ያየውን ችግር ይጽፋል፣ መካኒኩ ምን እንዳደረገለት ከጎኑ ይጽፋል፣ ፎርሙን ሚያነብ ሰው የትኛው መኪና በምን እንደሚሰቃይ ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ግን ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ከቁልፉ እንዲያርቁሽ አትፍቀጂ። የራስሽ ደብተር ይኑርሽ፣ ምን ተበላሸ፣ ማን አየው፣ በምን መሳሪያ ተሰራ፣ ስንት ሰአት ወሰደ፣ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከም ለምን። ቀጥሎ ስራ ስትቀይሪ ከሲቪሽ በላይ ሚናገርልሽ እሱ ነው።

እና ጋራዡ ሲጠሩሽ ስለ ደሞዝ ከመጠየቅሽ በፊት ፖምፓና ዲናሞ እዚሁ ነው ምትሰሩት ወይስ ወደ ሌላ ነው ምትልኩት በያቸው። እዚሁ ካሉሽ ቴስት ቤንቹን አሳዩኝ በዪ፣ እንልካለን ካሉሽ ደሞ ተሰርቶ ሲመለስ ማን ነው ፈትሾ ሚቀበለው ብለሽ ጠይቂ፣ ያን ስራ ለራስሽ ለምኚው።