የመተንፈሻ ቱቦውን ማን ያስገባል?

ዶክተር፣ በአሜሪካ ለሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት በኋላ ለሚደረገው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ከአራት ሆስፒታሎች የቃለ መጠይቅ ጥሪ እንደ ደረሰዎትና የወደፊት ፍላጎትዎ የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና እንደሆነ ጽፈውልኛል። ሁለቱ ስመ ጥር የሕፃናት ሆስፒታሎች ናቸው፤ የሌሎቹን ሁለት ስም ግን ሰምተው አያውቁም። «በምን ላመዛዝናቸው?» ነው ጥያቄዎ።

ስሙን ለጊዜው ይተዉትና ወራቱን ይቁጠሩ። ሬዚደንሲው 3 ዓመት ነው፤ ለሕፃናት ሐኪም የድንገተኛ ሕክምና ፌሎውሺፑም (ከሬዚደንሲ በኋላ የሚመጣው ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና) ሌላ 3 ዓመት። ለፌሎውሺፑ የሚያመለክቱት ግን ሬዚደንሲውን ጨርሰው ሳይሆን ሦስተኛው ዓመት ገና ሲጀምር፣ በጁላይ ግድም ነው። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል ወራት ወደ መጨረሻው ዓመት የተገፉበት ፕሮግራም ያስቸግርዎታል፤ የድጋፍ ደብዳቤ በሚያስፈልግዎት ሰዓት ሥራዎን ያየ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም አይኖርዎትም።

ሁለተኛው ጉዳይ በገዛ እጅ የመሥራት ዕድል ነው። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ፌሎዎች፣ ማለትም በፌሎውሺፕ ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ አሏቸው። ትንፋሹ የደከመ ሕፃን ሲገባ ላሪንጎስኮፑን (ጉሮሮን እያሳየ ቱቦ ለማስገባት የሚረዳውን መሣሪያ) የሚያነሳው ፌሎው ከሆነ፣ እርስዎ ከኋላ ቆመው ተመልካች ይሆናሉ። ፌሎው በሌለበት ደግሞ የአዋቂ ድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች ዕድሉን ይሻሙዎታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርን ሳሉ ለማጅራት ገትር ምርመራ የወገብ ፈሳሽ የቀዱላቸውን ሕፃናት ቁጥር የሚያስታውሱት አይመስለኝም። አሜሪካ ግን ክትባት የማጅራት ገትርን ስላሳነሰው ሬዚደንቱ ይህን ዕድል እንደ ድሮው አያገኝም። ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በቪዲዮ ስለሆነ ክፍሉን በዓይንዎ አያዩትም፤ ኃላፊዎቹ በሌሉበት ከሬዚደንቶቹ ጋር የሚነጋገሩበትን ሰዓት ይጠቀሙበት። «ሥልጠናው ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ማንም «መጥፎ ነው» አይልዎትም። «ባለፈው ወር ስንት ቁስል ሰፋችሁ? የመጨረሻውን የመተንፈሻ ቱቦ ያስገባው ማን ነበር?» ይበሉ።

ከዚያ ባለፉት 5 ዓመታት ለዚህ ፌሎውሺፕ ስንቶች እንዳመለከቱና ስንቶች እንዳገኙ ይጠይቁ። ያገኙትን ብቻ የሚነግርዎት ፕሮግራም ግማሹን ደብቋል። የቦርድ ፈተና የማለፍ ምጣኔያቸውን የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ በየፕሮግራሙ ስለሚያወጣ እሱን ራስዎ ማየት ይችላሉ።

ቪዛውንም አይርሱ። ጄ-1 የተባለው የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ ለሐኪም ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 ዓመት ስለሚፈቅድ 3 ሲደመር 3 ይበቃዎታል፤ ሲጨርሱ ግን ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ካላገኙ ለ2 ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ኤች-1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ ከፈለጉ የዩኤስኤምኤልኢን (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናን) 3ኛ ደረጃ አስቀድመው ማለፍ አለብዎት፤ ይህን ቪዛ የማይሰጡ ፕሮግራሞችም አሉ።

የእኔ ዝንባሌ ራሱን የቻለ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው፣ በሙያው የሠለጠኑ ሐኪሞች ወደሚመሩትና ሬዚደንቱን በገዛ እጁ ወደሚያሠራው ነው፤ ስሙ ባይታወቅም። አመልካቾችና ሆስፒታሎች በየምርጫቸው ለሚዛመዱበት ምደባ የምርጫ ዝርዝርዎን ሲያስገቡ «ይቀበሉኛል» የሚሉትን ሳይሆን ከልብዎ የሚፈልጉትን አንደኛ ያድርጉ። የምደባው ስሌት ከአመልካቹ ምርጫ ስለሚነሳ፣ ከባዱን ቦታ አንደኛ ማድረግ ሁለተኛውን አያሳጣዎትም።